አበልጅ በእንግሊዝኛ

ልጅዎ በእንግሊዝኛ በሚያስተምር ትምህርት ቤት የሚማር ከሆነ፣ ይህች ጥያቄ አንድ ቀን እርስዎም ቤት መምጣቷ አይቀርም። እኔ ቤት የመጣችው ባለፈው ወር፣ ሐሙስ ማታ ነው። የ11 ዓመቷ ልጄ «የቤተሰብ ዛፍ ሠርታችሁ አምጡ» ተብላ፣ የፎቶ አልበሞቻችንን ምንጣፉ ላይ ዘርግታለች። አንዱ ፎቶ ላይ ነጠላ የለበሰች ሴት የ80 ቀን ሕፃን አቅፋ ቆማለች። ሕፃኗ እሷ ራሷ ናት፤ ክርስትና የተነሣች ዕለት።

«ማሚ፣ ይቺ ምናችን ናት?»

«ያንቺ የክርስትና እናት። የኔ ደግሞ አበልጅ።»

«የክርስትና እናትን አውቀዋለሁ፣ ጎድማዘር ነው። አበልጅስ በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?»

ቢሮ በእንግሊዝኛ ሪፖርት እየጻፍኩ ነው እንጀራ የምበላው። መልስ ግን አጣሁ። የዛሬው እንግሊዝኛ ለክርስትና እናትም ለክርስትና ልጅም ስም አለው። የክርስትና እናቷና ወላጅ እናቷ እርስ በርስ ምን እንደሚባባሉ ሲጠየቅ ግን ዝም ይላል።

«ድሮስ?» አለች ልጄ።

እንደሚያውቁት የድሮ መዝገበ ቃላት ዛሬ ስልክ ላይ ይገኛል። ከልጆችዎ ጋር አንድ ማታ ቢሞክሩት ከፊልም አያንስም፤ ብቻ የፈለጉትን ቃል ሳያገኙ ሌላ ሌላው ይዞዎት ይሄዳል። እኛ መጀመሪያ ያገኘነው «ኦቨርሞሮው» የሚለውን ነው። ከነገ ወዲያ ማለት ነው። እኛ በየቀኑ የምንለውን፣ እንግሊዞቹ ለዚያው ቀን ዛሬ አራት ቃል ደርድረው ነው የሚጠሩት፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ግን በአንድ ቃል ይሉት ነበር። በ1623 እ.ኤ.አ. የታተመ መዝገበ ቃላት ውስጥ ደግሞ «አፕሪሲቲ» የሚል አለ፤ በብርድ ወራት የምትወጣ ፀሐይ ሙቀት። እናቴ ኅዳር ላይ ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ወንበር አውጥታ የምትሞቃት ማለት ነው። ይህን የመሰለ ቃል እንዴት ይጣላል? «ናይስ» በድሮ ጊዜ ሞኝ ማለት እንደነበር ስናነብ ግን ነገር ተበላሸ። ልጄ ወንድሟን ማታውን ሙሉ «ናይስ» እያለች ስታሞግሰው አመሸች፤ እሱም ደስ ብሎት።

የፈለግነውን ያገኘነው ሳሙኤል ጆንሰን ዘጠኝ ዓመት ያህል ለፍቶ በ1755 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መዝገበ ቃላት ውስጥ ነው። ቃሉ «ጎሲፕ» ነው። አዎ፣ ያው እርስዎ የሚያውቁት፣ ሐሜት የምንለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ቃሉ «ጎድሲብ» ነበር፤ «ጎድ» እግዚአብሔር፣ «ሲብ» ደግሞ ዘመድ። በእግዚአብሔር ፊት የተዛመደ፣ ክርስትና ያነሣ ሰው ማለት ነው። ከኛ አበልጅ ምን ይለየዋል? ቆየት ብሎ ቃሉ የቅርብ ወዳጅን፣ በተለይ እናት ስትወልድ አብረዋት የሚሆኑ ሴቶችን መጥሪያ ሆነ። አራስ ቤት ደግሞ እርስዎም ያውቁታል። ገንፎው እስኪደርስ ወሬ አለ፣ ገንፎው ከተበላም በኋላ ወሬ አለ። ጆንሰን ጋ ሲደርስ ቃሉ ሦስት ትርጉም ይዟል፦ ክርስትና የሚያነሣ ሰው፣ የመጠጥ ጓደኛ፣ እንዲሁም እንደ አራስ ጠያቂ ሴቶች ወሬ ይዞ የሚዞር። (ሰውዬው ወንዶች ወሬ የማያወሩ ይመስል!) በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎቹም ቀሩና ወሬው ራሱ ጎሲፕ ተባለ።

ልጄ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ወዲያው ግን ፎቶው ላይ ዓይኔ አረፈና ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

አበልጄን ካነጋገርኳት ሦስት ዓመት አልፎኛል። ባሏ ከሥራ መሰናበቱን ቡና ላይ፣ ሁለታችን ብቻ ሳለን ነበር የነገረችኝ። እኔ ለአንድ ጓደኛችን አወራሁት። ክፋት አልነበረኝም፤ አዝኜላት ነው። ቢያንስ ያኔ ለራሴ የነገርኩት እንዲያ ነው። ወሬው ዞሮ እሷ ጋ ሲደርስ ሌላ ቅመም ተጨምሮበት ነበር። አልደወለችም፣ አልተቆጣችም፤ መምጣቷን ብቻ ተወች። እኔ ደግሞ ይቅርታ ለመጠየቅ ዛሬ ነገ ስል ሦስት ፋሲካ አለፈ። እንግሊዞቹን ከአበልጅ እስከ ሐሜት ለመድረስ ብዙ መቶ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። እኔን የፈጀብኝ አንድ ሲኒ ቡና ነው።

«ታዲያ አሁን የት ናት?» አለች ልጄ።

ስልኩን ይዤ ወደ ጓዳ ገባሁ። አራት ጊዜ ጠራ።

«ማን ልበል?» አለች። ቁጥሬን አጥፍታዋለች ማለት ነው።

«አበልጅሽ» አልኳት።

ዝም አለች። እኔም ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋኝና «በድዬሻለሁ» ብቻ አልኩ። ረጅም ጊዜ ተነፈሰች። ከዚያ «ልጅቷ ደኅና ናት?» ስትል ሰማኋት።

ወደ ሳሎን ስመለስ ልጄ «መቼ ነው የምትመጣው?» አለች።

«ከነገ ወዲያ።»

«ኦቨርሞሮው!» ብላ ጮኸች፤ ወንድሟ ግራ ተጋብቶ እስኪያያት ድረስ።

የቤተሰብ ዛፉ ላይ ከኔ ስም ጎን ቅርንጫፍ ቀጥላ ፎቶውን ለጠፈችበት። ሌላው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። እሱ ሥር ግን በኛው ፊደል «አበልጅ» ብላ ጻፈችበት። አስተማሪዋ ነጥብ ይቀንሱባት ይሆናል።