ስለ መርሳትና ስለ ማስታወስ

በጋሞ አገር፥ ከአርባ ምንጭ ከተማ በላይ ባለው ደጋ፥ ዶርዜ የሚባል ሥፍራ አለ። የዚያ አገር ሰዎች ቤታቸውን ከቀርከሃ ጎንጉነው ይሠራሉ። ክዳኑም የእንሰት ቅጠልና የቀርከሃ ቅርፊት ነው። ቤቱ አዲስ በሆነ ጊዜ ቁመቱ 12 ሜትር ያህል ሊደርስ ይችላል። ነገር ግን ምስጥ ከሥሩ እየበላ ከዓመት ወደ ዓመት ያሳጥረዋል። ባለቤቶቹ ግን ቤታችን አጠረ ብለው አያፈርሱትም። ጎረቤት ተጠራርቶ ቤቱን እንዳለ ያነሣና ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። በአዲሱ ቦታም ብዙ ዘመን ይቆማል። የሰው ልብም በእርጅና ጊዜ እንዲሁ ነው። አንዳንድ ነገር ይጎድልበታል፤ ብዙው ግን ቆሞ ይኖራል።

በዚህ አገር አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ነበሩ። ዕድሜያቸው ሰማንያ ዓመት ሆኖ ነበር። በዶርዜ መፍተል የሴቶች፥ መሸመንም የወንዶች ሥራ ነውና፥ ሽማግሌው ሙያውን የተማሩት ገና በልጅነታቸው ከአባታቸው አጠገብ ተቀምጠው ነው።

በእርጅናቸው ጊዜ ግን መርሳት ጀመሩ። መወርወሪያውን በእጃቸው ይዘው «መወርወሪያዬ ወዴት ሄደ?» እያሉ ይፈልጉ ነበር። ወደ ጓዳ ይገቡና «ምን ልወስድ ነው የመጣሁት?» ብለው ቆመው ይቀሩ ነበር። የልጃቸውን ልጅ ሊጠሩ በፈለጉ ጊዜ አስቀድመው የአባቱን ስም፥ ቀጥለው የአጎቱን ስም፥ በመጨረሻም የእርሱን ስም ይጠሩ ነበር።

ነገር ግን እግራቸውን ወደ ሸማው ጉድጓድ በሰደዱ ጊዜ ሌላ ሰው ይመስሉ ነበር። ማጉ በድሩ መካከል ሲመላለስ ዓይናቸው አይከተለውም፤ እጃቸው መንገዱን ያውቃልና። የጥለቱን ቀለም አንድም ጊዜ አያሳስቱም። ደግሞም የዱሮውን ነገር ሲያወሩ የሚያህላቸው አልነበረም። ጨንቻ የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማ በነበረች ጊዜ ጋቢ ተሸክመው ወደ ገበያዋ እንዴት ይሄዱ እንደ ነበር ያወራሉ። በ1950ዎቹ ዓመታት ዋና ከተማው ከጨንቻ ወደ ቆላው ወርዶ አርባ ምንጭ ስትሠራ ያዩትንም ይናገራሉ። ከደጋው ቁልቁል እየተመለከቱም የአባያንና የጫሞን ሐይቆች በጣታቸው እያሳዩ፥ ከተማው ገና ባልነበረበት ዘመን ስፍራው ምን ይመስል እንደ ነበር ለልጆች ይገልጹ ነበር።

አንድ ቀን የልጅ ልጃቸው ጓደኞቹን ይዞ ወደ ቤት መጣ። ሽማግሌውም ከጓደኞቹ አንዱን «የማን ልጅ ነህ?» ብለው ጠየቁት። ልጁም ነገራቸው። ጥቂት ቆይተው ያንኑ ልጅ «የማን ልጅ ነህ?» ብለው ደግመው ጠየቁት። በዚህ ጊዜ የልጅ ልጃቸው ድምፁን እንደ ሽማግሌ አድርጎ «ነገ ደግሞ እኔ ማን ነኝ ብለው ይጠይቁናል» አለ። ልጆቹ ሁሉ ሣቁ።

የሽማግሌው ልብ ይረሳ ነበር እንጂ ጆሮአቸው አልደከመም ነበር። የተባለውን ሁሉ ሰሙ። አልተቆጡም፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝም አሉ። የልጁን ስም እንዳይሳሳቱ ፈርተው መጥራቱን ተዉት። ጎረቤቶቻቸውም ወደ ዱቡሻ፥ ይኸውም የአገሩ ሰዎች ተሰብስበው ነገር ወደሚመክሩበትና ጠብ ወደሚያበርዱበት አደባባይ፥ ሊወስዷቸው ሲመጡ «እኔ እረሳለሁ፤ ሌላ ሰው ይናገር» እያሉ በቤት ይቀሩ ጀመር። ልጁ ግን ይህን አላስተዋለም። አያቱ ዝም ያሉት ስለ እርጅና ብቻ መሰለው።

ከዚህ በኋላ ልጁ ትምህርቱን ሊቀጥል ወደ አርባ ምንጭ ወርዶ ከአጎቱ ቤት ተቀመጠ። ዘመኑም 2011 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ዓመት በመስከረም ወር በአዲስ አበባ አጠገብ በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች ተገደሉ። ይህ ወሬ አርባ ምንጭ በደረሰ ጊዜ ብዙ ወጣቶች እጅግ ተቈጥተው ወደ አደባባይ ወጡ። በቍጣቸውም ምንም በደል በሌለበት ሰው ላይ ክፉ ነገር ሊያደርጉ ይችሉ ነበር። በዚያን ጊዜ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ከወጣቶቹ ፊት በመንገድ ላይ ተንበረከኩ። መሣሪያ አልያዙም፤ በሣሩ ብቻ ለመኑ። ወጣቶቹም ሽማግሌዎቹን አልፈው ለመሄድ አልደፈሩም፤ ቍጣቸውንም ዋጥ አድርገው ተመለሱ። ይህ ነገር በኢትዮጵያ ሁሉ ተሰማ፤ ብዙ ሰዎችም አደነቁ።

ልጁ ይህን ሰምቶ ነገሩ በልቡ ይመላለስ ጀመር። «ብዙ ሕዝብ በጥቂት ሣር እንዴት ይቆማል?» ይል ነበር። ጓደኞቹን ጠየቀ፤ የሚያውቅ አላገኘም። የመስቀል በዓል በደረሰ ጊዜ እንደ አገሩ ልማድ ወደ ዶርዜ ወጣ። በማታ ከእሳቱ አጠገብ አያቱን አገኛቸውና «አባባ፥ ሽማግሌዎቹ ሣር የያዙት ለምንድን ነው?» ብሎ ጠየቃቸው።

ሽማግሌው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም እንዲህ ብለው ጀመሩ። «እርጥብ ሣር የሰላም ምልክት ነው። ሽማግሌ ሣር ይዞ ከለመነህ በኋላ እርሱን ረግጦ ማለፍ ጎሜ ነው። ጎሜ ማለት የማይደረግ ነገር፥ በሚያደርገው ሰውና በቤቱም ላይ መከራ የሚያመጣ ጥፋት ማለት ነው። እኔ እንዳንተ ልጅ ሳለሁ አባቴ ወደ ዱቡሻ ይወስደኝ ነበር። ከኋላው ተቀምጬ እሰማ ነበር። አንዱ ሳይጨርስ ሌላው አይናገርም። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ እውነቱ እስኪወጣ ድረስ ስንት ቀንም ቢሆን ይመከራል። ማታ ስንመለስ አባቴ የሰማሁትን ሁሉ መልሼ እንድነግረው ያዘኝ ነበር። አንድ ቃል ከጎደለብኝ እንደገና ያስጀምረኝ ነበር።»

እንዲህ እያሉ እሳቱ እስኪጠፋ ድረስ ተናገሩ። ማን ከማን እንደ ታረቀ፥ በየት ቦታ፥ በምን ቃል እንደ ሆነ አንዱንም አላጎደሉም። በመጨረሻም ሊተኙ ሲነሡ ልጁን በአባቱ ስም ጠርተው «ደኅና እደር» አሉት።

ልጁ በዚህ ጊዜ አልሣቀም። ያ የሣቀበት ቀን ትዝ አለውና እንባ በዓይኑ ሞላ። «አባባ፥ በጓደኞቼ ፊት ስላላገጥሁብዎት ይቅር ይበሉኝ» አላቸው። ሽማግሌውም «ያን ረስቼዋለሁ፤ ሂድና ተኛ» አሉት። በእውነት ረስተውት እንደ ሆነ፥ ወይም አስታውሰው ይቅር ብለውት እንደ ሆነ፥ ልጁ እስከ ዛሬ ድረስ አላወቀም።

ልጁ ወደ ትምህርት ቤት በተመለሰ ጊዜ መምህሩን «ሰው የዛሬውን እየረሳ የዱሮውን እንዴት ያስታውሳል?» ብሎ ጠየቀ። መምህሩም ለተማሪዎቹ ሁሉ እንዲህ ሲል አስረዳ። «በአንጎላችን ውስጥ አንዲት ትንሽ ክፍል አለች። ሊቃውንት ሂፖካምፐስ ይሏታል፤ በግሪክ ቋንቋ የባሕር ፈረስ ማለት ነው፥ ቅርጿ የባሕር ፈረስ የሚባለውን ትንሽ ዓሣ ይመስላልና። ዛሬ ያየነውንና የሰማነውን ተቀብላ ለነገ እንዲቆይ የምታሰናዳው እርሷ ናት። ሰው ሲያረጅ ይህች ክፍል ትደክማለች፤ ስለዚህ አዲሱ ነገር ቶሎ ይጠፋል። በልጅነትና በወጣትነት የገባው ግን አስቀድሞ ሥር ሰዷልና ይቆያል። የእጅ ሙያም በአንጎል ውስጥ ሌላ ማደሪያ አለው፤ ስለዚህ ሸማኔው መወርወሪያውን ያስቀመጠበትን ቢረሳ መሸመኑን አይረሳም። የሰው ስም ደግሞ ቶሎ የሚጠፋው በቂ ምልክት ስለሌለው ነው። ሸማኔ ስንል ጉድጓዱና ድሩ ይታሰበናል፤ ስሙ ብቻውን ግን ምንም አያሳየንም።»

ደግሞም አለ፤ «ሄርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል የጀርመን ሊቅ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት እያጠና ምን ያህል እንደሚረሳ ራሱን ይመረምር ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1885 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፥ ሰው ከተማረው ብዙውን የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶችና ቀናት ነው፤ ከዚያ በኋላ መርሳቱ እየቀነሰ ይሄዳል። በየጊዜው የተደጋገመ ነገር ግን ይጸናል። የቆሎ ተማሪዎችም ትምህርታቸውን በቃላቸው የሚይዙት እየደጋገሙ ነው። ያያትህም አባት ልጁን ማታ ማታ የሰማውን ያስደግመው የነበረው ስለዚህ ነው።»

መምህሩ አንድ ነገር ደግሞ አስጠነቀቀ። መርሳት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ስም መርሳትና ዕቃ መፈለግ በእርጅና የተለመደ ነገር ነው። ነገር ግን ሽማግሌው ለብዙ ዘመን የሄዱበት መንገድ ከጠፋባቸው፥ ወይም ቤተ ሰባቸውን መለየት ካቃታቸው፥ ወይም ያወቁትን ሙያ መሥራት ከተሳናቸው፥ ይህ በሽታ ሊሆን ይችላልና ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል። ከእነዚህ በሽታዎች አንዱን አሎይስ አልዛይመር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1906 ዓ.ም. ስለ ገለጸ በስሙ ተጠርቷል። እንዲህ ያለው በሽተኛም ቢሆን እንክብካቤ እንጂ ነቀፋ አይገባውም።

ከዚያ ወዲህ ልጁ ለበዓልና ለዕረፍት ወደ ዶርዜ በወጣ ቍጥር፥ ገና ከደጃፍ ሳለ አስቀድሞ የገዛ ስሙን ጠርቶ «እኔ ነኝ፥ አባባ፤ መጥቻለሁ» ይል ነበር። አያቱም ስሙን እንዳይሳሳቱ መፍራታቸውን ተዉ። ዱቡሻ በተሰበሰበ ጊዜም ልጁ ከጎናቸው ሆኖ ይሄዳል። ሽማግሌው በንግግር መካከል የሰው ስም ሲጠፋባቸው ወደ ልጁ ዘወር ይላሉ፤ እርሱም በዝግታ በጆሮአቸው ይነግራቸዋል። ከዚያ ንግግራቸውን ይቀጥላሉ። የአገሩም ሰዎች ያዳምጧቸዋል። ማታ ሲመለሱ ደግሞ ሽማግሌው «የሰማኸውን ንገረኝ» ይሉታል። ልጁም ይነግራቸዋል፤ አንድ ቃል ከጎደለበትም እንደገና ያስጀምሩታል።

ልጆች ሆይ፥ ይህን ልብ አድርጉ። ሽማግሌ ስማችሁን ቢረሳ አትሣቁበት፤ ያፈረ ሽማግሌ ዝም ይላል፥ ዝም ካለም የሚያውቀው ሁሉ ከእርሱ ጋር ይቀበራል። ደግሞ ዛሬ በልባችሁ የምታስገቡትን ተጠንቅቃችሁ ምረጡ፤ መልካሙንም ደጋግሙት። እናንተም አንድ ቀን ታረጃላችሁና፥ በዚያን ጊዜ የሚቀርላችሁ ዛሬ የያዛችሁት ነው። ምስጥ የበላውን ቤት ጎረቤት አንሥቶ ያቆመዋል፤ የሽማግሌንም የጎደለ ቃል አጠገቡ ያለ ልጅ ይሞላለታል።