የምንነሣው ለማን ነው?

በእኛ ቤት ትልቅ ሰው ሲገባ ተቀምጦ መቅረት የለም። ብድግ ብለን «ኖር!» እንላለን፤ እንግዳውም «በእግዚአብሔር!» ብሎ ይቀመጣል። ከምግብ በፊት ታላላቆችን እጅ ማስታጠብ የታናሽ ሥራ ነው። ዕቃ ስንሰጥም ስንቀበልም በሁለት እጃችን ነው። አያቴን «እርስዎ» እንጂ «አንቺ» አልላቸውም።

ናይሮቢ ተወልጄ ይህን ሁሉ ስላስተማሩኝ ወላጆቼን አመሰግናለሁ። ከአገር ርቀን ስናድግ ቋንቋው ከጠፋ አብሮት ያለው አክብሮትም ይጠፋል። በእንግሊዝኛ ሕፃኑም ሽማግሌውም «ዩ» ነው። በአማርኛ ግን ሰው ስናነጋግር ገና ከመጀመሪያው ቃል አክብሮታችን ይታወቃል።

ሆኖም አንድ ነገር ያሳስበኛል። ጨዋነታችን ከቤታችን በር አልፎ የሚወጣ አይመስልም። ለእንግዳ የሚነሣው ልጅ ማታቱ ሲመጣ አሮጊት ገፍቶ ይገባል። የአባቱን ጓደኛ ጎንበስ ብሎ የሚጨብጠው ልጅ፣ የትምህርት ቤቱን ጥበቃ በየቀኑ እያያቸው ስማቸውን አያውቅም።

«እሳቸው እኮ ሐበሻ አይደሉም፤ የእኛን ወግ አያውቁትም» ያለኝ ጓደኛ አለ። እኔ በዚህ አልስማማም። ስዋሂሊም የራሱ ወግ አለው። ታናሽ ታላቁን «ሺካሞ» ይላል፤ ታላቁ «ማራሃባ» ብሎ ይመልሳል። ሰው ቤት ሲደረስ «ሆዲ» ይባላል፤ ከውስጥ «ካሪቡ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ሰው ሲደናቀፍ እኛ «እኔን!» እንደምንለው እነሱም «ፖሌ» ይላሉ። ቃሉ ቢለያይም ቁም ነገሩ አንድ ነው።

ባለፈው መንፈቀ ዓመት የጥበቃው እናት አርፈው፣ ሰውየው ሁለት ሳምንት አገራቸው ሰንብተው ተመለሱ። ጠዋት ብዙ ተማሪ ደወል እንዳያመልጠው እየሮጠ ሲያልፍ፣ አንዲት የሁለተኛ ክፍል ልጅ ቆመችና በሁለት እጇ ጨብጣ «ፖሌ ሳና» አለቻቸው። እሳቸውም ኮፍያቸውን አውልቀው አመሰገኗት። ልጅቷ ደወሉ አላመለጣትም።

ለአያት መነሣት ቀላል ነው፤ ካልተነሣን የሚቆጣን አለ። ሊቆጣንም ሊሸልመንም ለማይችል ሰው ስንነሣ ግን ጨዋነታችን የራሳችን መሆኑ ይታወቃል።

ውድ የትምህርት ቤታችን ተማሪዎች፣ በሚመጣው ዓመት ሦስት ነገር እንሞክር። ክፍላችንን የሚያጸዱትን እናቶች ስም እንወቅ። ምሳ በልተን ሳህናችንን ራሳችን እናንሣ። ጠዋት በር ላይ ያሉትን ሰው በቋንቋቸው ሰላም እንበል።

ወላጆቻችንንም አንድ ነገር ልለምናችሁ። ለእንግዳ የምትናገሩበትን ድምፅ እንደምንሰማ ሁሉ፣ ለቤት ሠራተኛ የምትናገሩበትንም እንሰማለን። የምንማረው ከሁለቱም ነው።