የመምህራን መምህር ሲቀጠር

የወደፊት የባዮሎጂ መምህራንን የሚያሠለጥን የዩኒቨርሲቲ መምህር ለመቅጠር ማስታወቂያ ሲወጣ ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። ፒኤችዲ ይጠየቃል፣ የታተመ ጥናት ይቆጠራል። ሰውየው ዘጠነኛ ክፍል ገብቶ አስተምሮ ያውቅ እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ ጠያቂ የለም።

የቅጥር ኮሚቴ አባል ብሆን ለአመልካቹ ድንች፣ ጨውና ሁለት ብርጭቆ ውሃ አቅርቤ «እስኪ ኦስሞሲስን ያስተምሩን» እላቸው ነበር። ጨው ውሃ ውስጥ ያደረው ድንች ለምን እንደለሰለሰ ማስረዳቱ ቀላሉ ነው። ተማሪው «ጨው ገብቶ አለሰለሰው» ሲልስ? ተክል ምግቡን ከአፈር ያገኛል፣ የሚተነፍሰውም ማታ ብቻ ነው ብሎ ለሚያምነውስ ከየት ይጀምሩለታል? ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አሜሪካዊው የትምህርት ምሁር ሊ ሹልማን በ1986 እ.ኤ.አ. ለይቶ ያሳየውም ይህንኑ ነበር፤ ይዘቱን ማወቅና ይዘቱን ለተማሪ እንዲገባ አድርጎ ማቅረብ የተለያዩ እውቀቶች ናቸው።

እኛ ዘንድ በባዮሎጂ የተመረቀ ሰው የማስተማር ዲፕሎማውን፣ ፒጂዲቲ የምንለውን፣ ወስዶ ክፍል ይገባል። የፔዳጎጂው መምህር ባዮሎጂውን ለባዮሎጂ ክፍል ይተወዋል፤ የባዮሎጂው መምህር ደግሞ ዘዴውን ለፔዳጎጂ። ሠልጣኙ መሐል ላይ ይቀራል።

ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ለክፍል ልምድና ለማሳያ ትምህርት ከጥናት ወረቀቱ የማያንስ ነጥብ ስጡ።