የመጽሐፍ ዋጋ በአሰላ

በጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ በአሰላ ከተማ የሚኖር አንድ ንባብ ወዳድ ሰው ከመጻሕፍት መደብር ገብቶ የአንዱን መጽሐፍ ዋጋ በሰማ ጊዜ «ወረቀት እንዲህ ይወደዳልን?» ብሎ ተቆጣ። ባለ መደብሩም «ጌታዬ፤ ለወረቀትስ ከሆነ ባዶ ደብተር አለልዎ፤ እርሱ ይረክሳል» አለው።

ሰውየው አፈረ፤ ጥራዙንም ይዞ ያስብ ጀመር። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተቋቋመ በኋላ ለብዙ ዘመን መጽሐፍ ይታተም የነበረው በእርሳስ ፊደል ነው። የላቲን ፊደል 26 ሲሆን የእኛ 33ቱ በሰባት ሲባዛ፣ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ፣ 231 ይሆናል። ፊደል ለቃሚው በግልባጭ የተቀረጸውን እያነበበ፣ ሀን ከሐና ከኀ እየለየ፣ አንድ በአንድ ይደረድር ነበር፤ ቃልን ከቃል የሚለየውን ሁለት ነጥብ እንኳ እንደ ፊደል አንሥቶ ያኖር ነበር። በዚህ ሁሉ መካከል አንዲት ሠ በሰ ብትለወጥ ሊቃውንቱ የሚወቅሱት ደራሲውን ነው። ዛሬ ፊደሉን ኮምፒዩተር ይለቅመዋል፤ የአራሚው ድካም ግን አልቀረም።

መጽሐፉ ከታተመ በኋላም ከአዲስ አበባ በአዳማ በኩል 175 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወደ አርሲ ደጋ ይወጣል። ገብስና ስንዴ እስኪሰበሰብ ድረስ የገዢው ኪስ ሳስቶ ይቆያል፤ በመስከረም የሚፈለገው የተማሪ መጽሐፍ ነው። የታሪኩና የልብ ወለዱ መጽሐፍ አቧራ ለብሶ ከከረመ ባለ መደብሩ ሌላ አያስመጣም።

ሰውየው ዋጋውን ከፈለ። ነገር ግን ከዚያ ቀደም በዚያው መደርደሪያ አጠገብ ቆሞ ስንቱን መጽሐፍ በነጻ አንብቦ እንደ መለሰ ትዝ ስላለው፣ ሲወጣ የባለ መደብሩን ዐይን ለማየት አልደፈረም።