ወደ ሞት ሸለቆ የተደረገ ጉዞና በተራራ ላይ ያለው ነፋስ ስልክ

በአገራችን ደጋ የተወለደ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ በሸለቆ ውስጥ ያለ ሰው ማዶ የሚኖረውን ዘመዱን ሲፈልግ ድምፁ ብቻውን አይደርስለትም። ስለዚህ በሸንተረሩ ላይ የቆመውን እረኛ ይጣራል፤ እረኛውም የሰማውን ተቀብሎ ወደ ማዶ ያሰማል። እንዲህ እየተቀባበሉ የልደት ደስታና የሞት መርዶ፥ የጠፋ ከብትና የመጣ እንግዳ ወሬ ከአምባ ወደ አምባ ይሻገራል። ይህነን የአባቶቻችንን ልማድ በሩቅ አገር፥ በአሜሪካ ምድረ በዳ፥ በብረትና በኤሌክትሪክ ተሠርቶ አገኘሁት፤ ለቤተ ሰብም የሚጠቅም ነገር ስለ ሆነ ያየሁትንና የደረሰብንን ልጽፍላችሁ ወደድሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በኔቫዳ ግዛት ባለችው በላስ ቬጋስ ከተማ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ የእኅቴም ልጅ ከሚስቱና ከሰባት ዓመት ሴት ልጁ ጋራ ኑሮው በዚያው ነው። በሚያዝያ ወር ልጠይቃቸው ሄጄ ሳለሁ የሞት ሸለቆ የሚባለውን በረሃ ሊያሳየኝ አሰበ። ሙቀቱ ሳይበረታ እንድንደርስ ብለን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ በአውቶሞቢል ተነሣን። ከከተማው እስከ ፈርነስ ክሪክ፥ ማለት እስከ እቶን ወንዝ ድረስ፥ መንገዱ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ይህ ሸለቆ ስሙን ያገኘው በ1849 ዓ.ም. ወርቅ ፍለጋ ወደ ካሊፎርኒያ ይጓዙ የነበሩ ሰዎች መንገድ ስተው ገብተውበት ብዙ መከራ ስለ ተቀበሉበት ነው። ከእነርሱ አስቀድሞ ግን ቲምቢሻ ሾሾኒ የሚባሉት የአገሩ ተወላጆች ውሃውንና ጥላውን እያወቁ ይኖሩበት ነበር፤ ዛሬም ይኖሩበታል። በ1933 ዓ.ም. በመንግሥት ጥበቃ ሥር ዋለ፤ በ1994 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ ፓርክ ተባለ። ስፋቱም ከ13 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ባድዋተር የሚባለው የጨው ሜዳ ከባሕር ጠለል በታች 86 ሜትር ዝቅ ያለ ሲሆን፥ በስተምዕራብ ፊት ለፊቱ የሚታየው ቴሌስኮፕ የተባለው ተራራ 3,366 ሜትር ከፍ ይላል። በፈርነስ ክሪክ በሐምሌ 10 ቀን 1913 ዓ.ም. የተመዘገበው 56.7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት በምድር ላይ ከተመዘገበው ሁሉ የበለጠ ሆኖ ይቈጠራል። የአፋርን ምድርና የዳሎልን ዝቅታ ያየ ኢትዮጵያዊ ጨውን፥ ሙቀትንና ዝምታን በዚያ ሲያገኝ እንግዳ አይሆንበትም።

ፀሐይ ስትወጣ የእኅቴ ልጅ በወገቡ የታጠቃትን ትንሽ ራዲዮ አውጥቶ መናገር ጀመረ። እኔም፥ «ይህ ነገር ለጨዋታ ነው ወይስ ለሥራ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ጋሼ፥ ቴሌፎንዎን ይመልከቱ» አለኝ። ብመለከት ምንም ምልክት የለበትም። «በዚህ ሸለቆ የሚበዛው ቦታ እንዲህ ነው። ይህችን ራዲዮ እንድማር ያደረገኝም አንድ የሰማሁት ነገር ነው» ብሎ ነገረኝ። በ1996 ዓ.ም. በሐምሌ ወር አንድ ወንድና አንዲት ሴት ከሁለት ትንንሽ ልጆች ጋራ ከጀርመን አገር ለጉብኝት መጥተው በዚሁ በረሃ ጠፉ። መኪናቸው በጥቅምት ወር በአንድ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ጎማዎቹ ተጎድተው ተገኘ፤ ሰዎቹ ግን አልተገኙም። ከ13 ዓመት በኋላ በ2009 ዓ.ም. የአዋቂዎቹ ነው የተባለ አጥንት በበረሃው ውስጥ ተገኘ። ሚስቱ ይህን ሲናገር ሰምታ ወደ ኋላ ዘወር አለችና የልጅቱን ቀሚስ አስተካከለች፤ ቃል ግን አልተናገረችም።

አማተር ማለት አንድን ሥራ ያለ ደመወዝ ለፍቅሩ ብሎ የሚሠራ ማለት ነው። በአሜሪካ የአማተር ራዲዮ ፈቃድ የሚሰጠው ለተፈተነ ሰው ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ፈተና 35 ጥያቄ አለው፤ 26ቱን የመለሰ ያልፋል። ቀድሞ የሞርስን የቴሌግራፍ ምልክት ማወቅ ግዴታ ነበር፤ ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ ግን ይህ ግዴታ ፈጽሞ ቀርቷል። ፈቃድ ያገኘ ሰው ከመንግሥት የጥሪ ስም ይቀበላል፤ በሚናገርበትም ጊዜ ቢያንስ በየ10 ደቂቃው ስሙን መጥራት አለበት። በዚህ ራዲዮ መነገድ፥ ዋጋ መቀበልና ንግግርን በምሥጢር ቋንቋ መሸፈን ክልክል ነው። ስለዚህ የሚነገረው ሁሉ በሁሉ ጆሮ ይገባል፤ ሰውም አፉን ጠብቆ ይናገራል።

የትንሿ ራዲዮ ኃይል 5 ዋት ብቻ ነው። ሞገዷም እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ተራራ ይጋርደዋል። በሜዳ ላይ የቆመ ሰው በእጁ ይዞ ቢናገር የአድማሱ ርቀት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ለሚገኝ ጣቢያ ግን አድማሱ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይርቃል። እንግዲህ በተራራ ጫፍ ላይ የሚቆመው መሣሪያ ሪፒተር፥ በእኛ ቋንቋ ደጋሚ ሊባል የሚገባው፥ ሥራው የዚያ የሸንተረር እረኛ ሥራ ነው፤ ደካማውን ድምፅ ከታች ተቀብሎ በዚያው ቅጽበት በበረታ ኃይል ወደ ሩቅ ያሰማል።

ሰው እየጮኸ የሌላውን ሹክሹክታ ሊሰማ እንደማይችል ሁሉ፥ ደጋሚውም በሚናገርበት ፍሪኩዌንሲ ሊሰማ አይችልም። ፍሪኩዌንሲ ማለት ሞገዱ በአንድ ሴኮንድ የሚርገበገብበት ቍጥር ነው፤ አንድ ሜጋ ኸርትዝም በሴኮንድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ነው። በአሜሪካ ለአማተሮች ከተመደቡት መካከል ከ144 እስከ 148 ሜጋ ኸርትዝ ያለው ክፍል ብዙ ይሠራበታል። በዚህ ክፍል የደጋሚው ጆሮና አፍ እንደ ልማዱ በ0.6 ሜጋ ኸርትዝ ይራራቃሉ፤ ለምሳሌ በ146.94 የሚናገር ደጋሚ በ146.34 ይሰማል። ሁለቱ እንዳይደባለቁ ሞገዱን የሚለዩ ትልልቅ የብረት ሲሊንደሮች ይደረጉለታል። ደግሞም ብዙዎቹ ደጋሚዎች እንደ ይለፍ ቃል ያለ ለጆሮ የማይሰማ ዝቅተኛ ድምፅ ከንግግሩ ጋራ ካልመጣላቸው አይከፈቱም። ደጋሚ በሌለበት ቦታ ሁለት ራዲዮዎች በቀጥታ ሲነጋገሩ፥ የታወቀው የመጠራሪያ ቍጥር 146.52 ነው።

የእኅቴ ልጅ ይህን ሁሉ በአንድ ደብተር ላይ በአራት ዐምድ ጽፎታል። በመጀመሪያው የተራራው ስም፥ በሁለተኛው የሚናገርበት፥ በሦስተኛው የሚሰማበት፥ በአራተኛው መክፈቻው ድምፅ ይገኛል። አንዱ ተራራ ሲጋረድ ሌላው ይገለጣል፤ ስለዚህ መንገደኛ የውሃ ጉድጓድ እንደሚቈጥር እርሱ ተራሮችን እየቈጠረ ይነዳ ነበር።

ባድዋተርን ካየን በኋላ ከጥርጊያው መንገድ ወጥተን በኰረት መንገድ አንድ ገደል ለማየት ሄድን። ከቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን የሰላ ድንጋይ የኋላውን ጎማ ቀደደው፤ መለዋወጫውን አደረግን። ገና 3 ኪሎ ሜትር ሳንሄድ ሁለተኛው ጎማ ተቀደደ። ሁለተኛ መለዋወጫ አልነበረንም። ከማለዳ ጀምሮ በዚያ መንገድ ያገኘነው መኪና የለም፤ ቴሌፎናችንም ዝም እንዳለ ነው።

«ጋሼ፥ አይስጉ፤ ተራራው ይሰማናል» ብሎ ራዲዮውን አነሣና ተጣራ። መልስ የለም። ሁለተኛም ሦስተኛም ተጣራ፤ ምንም አልተሰማም። ላቡ በግንባሩ ላይ ታየ። «ወደዚያ ኰረብታ ልውጣና ልሞክር» አለ። ኰረብታው ቅርብ መስሎ ይታያል እንጂ ሩቅ ነበረ። ሚስቱ እጁን ይዛ፥ «ከመኪናው አትራቅ፤ መጀመሪያ ደብተሩን ልየው» አለችው። በጣቷ እየተከተለች አነበበችና፥ «ለዚህ ተራራ የጻፍከው መክፈቻ 100 ነው፤ አንተ ያስገባኸው ጧት ያለፍነውን የ123ን ነው» አለች። አስተካክሎ አንድ ጊዜ ተጣራና እጁን ከቍልፉ ላይ አነሣ። ያን ጊዜ ከራዲዮው ሽ የሚል ድምፅ ለአንድ አፍታ ተሰማና ጠፋ። የእኅቴ ልጅ ዐይኑን ጨፈነ፤ ያ ድምፅ ደጋሚው ተቀብሎ የማስተላለፉ ምልክት ነበረና።

ጥቂት ቈይቶ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ መለሰ። ያለበት ከተማ ከእኛ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ስንት ሰዎች እንደ ሆን፥ ሕፃን መኖሩን፥ ውሃ ምን ያህል እንዳለን፥ የትኛውን መንገድ እንደ ያዝን እያከታተለ ጠየቀ፤ የሰማውንም እንዳይሳሳት ደግሞ አነበበልን። ከዚህ በኋላ በቤቱ ቴሌፎን ለፓርኩ ጠባቂዎች ነገረልንና፥ «መኪናውን አትልቀቁ፤ በየግማሽ ሰዓቱ እጠራችኋለሁ» አለን። እንደ ተናገረውም አደረገ። በመካከሉም ሌሎች ድምፆች ገቡ፤ አንዱ የጭነት መኪና ነጂ፥ አንዲቱም ሴት ከሌላ ከተማ፥ «የምንረዳችሁ ነገር አለ ወይ?» እያሉ ጠየቁ። አንድ ጊዜ የተነገረው ችግራችን በተራራው ዙሪያ ላሉት ሁሉ ደርሶ ነበር።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል የጠባቂዎቹ መኪና አቧራ ታየ። ያን ጊዜ ልጅቱ፥ «እኔም ልናገር» አለች። ፈቃድ የሌለው ሰው ፈቃድ ያለው አጠገቡ ሆኖ ሲጠብቀው መናገር በሕጉ ስለሚፈቀድ አባትዋ ራዲዮውን ሰጣትና ሽማግሌውን አመሰገነች። የእኅቴ ልጅም የድካሙን ዋጋ ሊልክለት ቢጠይቀው ሽማግሌው ሣቀ። «ዋጋ መቀበል በሕግም አይፈቀድልኝም። ባለፈው ክረምት ከባልንጀሮቼ ጋራ በረዶ እየረገጥን ወደዚያ ተራራ የወጣነው የፀሐይ መሣሪያውን ባትሪ ለመለወጥ ነበር። ዛሬ ለምን እንደ ወጣን ዐወቅሁ» አለ።

በማግሥቱ ዳንቴስ ቪው ወደሚባለው፥ ከፍታው 1,669 ሜትር ወደ ሆነው ገደል አፋፍ ወጣን። ትናንት የተጨነቅንበት ምድር ከእግራችን በታች ነጭ ሆኖ ተዘርግቶ ይታያል። ልጅቱም፥ «አባባ፥ ከተራራው ላይ የመለሰልን ሰው አሁንም እዚያ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም፥ «በተራራው ላይ ሰው የለም፤ ነገር ግን ሰዎች ወጥተው የተከሉትና የሚጠብቁት ስለ ሆነ ይመልሳል» አልኋት።

ከ2022 ዓ.ም. ወዲህ በችግር ጊዜ ከሳተላይት ጋራ የሚነጋገር የኪስ ቴሌፎን በሕዝብ እጅ ገብቷል፤ ይህም መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ቴሌፎን የሚናገረው ለተጠራው ብቻ ነው፤ ደጋሚው ግን ለማናውቀው ጎረቤት ሁሉ ያሰማል። ደጋሚውም ራሱ ጥልቅ ገደል ውስጥ ላለ ሰው ላይደርስለት ይችላል፤ ስለዚህ አስተዋይ ሰው በአንዱ ብቻ አይታመንም። በአገራችንም አባቶቻችን ራዲዮን ነፋስ ስልክ ይሉት ነበር፤ የአዲስ አበባው ሰፈርም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበርም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ኢ.ቲ.3 ኤ.ኤ. በሚል የጥሪ ስም ጣቢያ አቋቁሞ ወጣቶችን ሲያስተምር ቈይቷል።

እንግዲህ ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ በረሃ የሚሄድ ሁሉ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን ቢያንስ 4 ሊትር ውሃ ይያዝ፤ የሚሄድበትንና የሚመለስበትን ሰዓት በቤት ለሚቀር ሰው ይንገር፤ መኪናው ቢበላሽ ከአጠገቡ አይራቅ። ራዲዮ ቢይዝ ቍጥሮቹን በወረቀት ይጻፍ፤ ከመነሣቱም በፊት ይሞክራቸው። ደብተሩንም ከባሏ በተሻለ ለምታነብ ሚስት ይስጥ።