ገበሬው መርዝ መሆኑን ያውቃል

ፎገራ ላይ ስሙ መድኃኒት ነው። «ሩዙን መድኃኒት ረጨሁት» ይላል ገበሬው። ፀረ-አረሙም ፀረ-ተባዩም መድኃኒት ነው። ከከተማ የመጣ ባለሙያ ይህን ሲሰማ «የግንዛቤ ችግር አለ» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ ወረታ ላይ የአንድ ቀን ሥልጠና ይዘጋጃል፣ ውሎ አበል ይከፈላል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ። እኔ ከዚያው ሜዳ የወጣሁ ነኝና በዚህ አልስማማም።

መጀመሪያ ለምን እንደሚረጭ እንይ። ርብና ጉማራ ክረምት ሞልተው የሚተኙበት መሬት ሌላ እህል አይወጣለትም ነበር። ሩዝ በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ተሞክሮ ከያዘ ወዲህ ነው «ነጭ ወርቅ» የተባለው። ግን ሩዝ አረም ይወዳል። በእጅ ሁለት ሦስቴ መታረም አለበት፣ የቀን ሠራተኛ ዋጋ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ቱ ፎር ዲ ቅጠለ ሰፊውን አረም በግማሽ ቀን ሥራ ይጨርሰዋል። ይሄ ሒሳብ እንጂ አለማወቅ አይደለም። ሩዙ ሲነሳ እዚያው መሬት ላይ ጓያና ሽምብራ ይከተላል። መስኖ ያለው ደግሞ ሽንኩርት ይተክላል፣ ሽንኩርት ላይ የሚረጨው ብዛት ለብቻው ያስጽፋል። ስለዚህ መርጫው ከጀርባ የሚወርድበት ወር ጥቂት ነው።

አጎቴ ጠርሙሱን ልጆች እንዳይደርሱበት ጣሪያ ሥር ይሰቅለዋል። ሲረጭ እህል አይቀምስም። ሲጨርስ እጁን ይታጠብና አንድ ጣሳ ወተት ይጠጣል፣ «መርዙን ያጥበዋል» ብሎ። ይህ ሰው መርዝ መሆኑን አያውቅም? አሳምሮ ያውቃል! የማያውቀው በየት እንደሚገባ ነው። እሱ የሚጠብቀው አፉን ነው፣ ማላታይንና መሰሎቹ ግን በቆዳም ይገባሉ። ከመርጫው ክዳን የሚንጠባጠበው ጀርባውን ያረጥባል። በባዶ እግሩ በተረጨው ሩዝ መሀል ይመላለሳል። በዚያው ሸሚዝ እስከ ማታ ይውላል፣ ሸሚዙን ባለቤቱ ከልጆቹ ልብስ ጋር ታጥበዋለች። ወተት ማርከሻ አይደለም። ሳሙናና ውኃ፣ ቅያሪ ልብስ፣ ነፋስን ከኋላ አድርጎ መርጨት ከወተቱ ይበልጣሉ። ይህን ግን ማንም አልነገረውም፣ ሥልጠናው ላይ የተነገረው «ኬሚካል ጎጂ ነው» የሚል ብቻ ነበር።

አንድ ጊዜ «ጋሼ፣ ጓንትና ቦት ጫማ ለምን አትገዛም?» አልኩት።

«የት ነው የሚሸጠው?» አለኝ።

እውነቱን ነው። በገበያ ቀን መርዙ አለ፣ ጓንቱ የለም። መርዙም ቢሆን አንዳንዴ በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀንሶ ነው የሚሸጠው። በዋናው ዕቃ ላይ ቀዩ መስመር እጅግ አደገኛ፣ ቢጫውና ሰማያዊው ቀጥሎ፣ አረንጓዴው ቀለል ያለ መሆኑን ያመለክታል። ሃይላንዱ ላይ ይህ ሁሉ የለም። ሲያልቅ ደግሞ ላምባ ወይም ዘይት ይቀዳበታል። አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ-ተባይ መሸጥን ይከለክላል። አዋጁ እንዳለ ሆኖ ሃይላንዱም በጠራራ ፀሐይ ይቸበቸባል።

ሥልጠናው ይቅር አልልም። ግን አዳራሽ ውስጥ መሆኑ ቀርቶ ነሐሴ ላይ ማሳው ዳር ይሁን፣ ልብሱን የምታጥበዋ ሴትም ትጠራ። መርዝ የሚሸጥ ሁሉ ጓንት አብሮ እንዲይዝ ይገደድ።

ጤና ጣቢያውም ይታሰብበት። ፎገራ የወባ አገር ነው። ሰው ራሱን አሞት፣ አልቦት፣ አስመልሶት ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው ደሙ ነው፣ ልክም ነው። ወባ ከሌለ ግን ማስታገሻ ይዞ ይመለሳል፣ በማግስቱም መርጫውን ያዝላል። የዓይኑ ብሌን መጥበቡን፣ ምራቁ መብዛቱን ማየትና «ትናንትና ዛሬ ምን ረጨህ?» ብሎ መጠየቅ ምንም በጀት አይፈልግም። መልሱ ካርዱ ላይ ቢጻፍ ደግሞ ወረዳው በዓመት ስንት ሰው እንደሚታመም ይቆጥር ነበር።