149 ላይ የቆመው ውጤቴ

ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቴም እዚያው ነበርኩ፤ 149፣ 150፣ እንደገና 149።

ፈተናው ጂአርኢ ይባላል። ውጭ ሀገር ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ስታመለክቱ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ውጤቱን ይጠይቃሉ። ለሒሳቡም ለእንግሊዝኛውም የሚሰጠው ነጥብ ከ130 እስከ 170 ነው። የነገርኳችሁ የሒሳቡን የልምምድ ፈተናዎች ውጤት ነው፤ ዋናውን ገና አልተፈተንኩም ነበር። የተማርኩት ቢዝነስ፣ የምሠራው ማርኬቲንግ ነው። ቀኑን ሙሉ በመቶኛ ሳወራ የምውል ሰው በመቶኛ ጥያቄ መውደቄ ለማንም የሚወራ አልነበረም። እንግሊዝኛው ይሻለኝ ነበር። ያሰብኩት ትምህርት ደግሞ ያለ ስኮላርሺፕ ለእኔ የሚሞከር አይደለም።

መፍትሔ ብዬ የያዝኩት ሌላ ፈተና መሥራት ነበር። ከሥራ ስመለስ እሠራለሁ፣ ነጥቤን አያለሁ፣ እናደዳለሁ፣ እተኛለሁ። የተሳሳትኳቸውን ጥያቄዎች መልስ «እህ፣ ይሄንንማ አውቀዋለሁ» እያልኩ አልፋቸዋለሁ። ይህች «አውቀዋለሁ» ስንት ወር እንደበላችብኝ የገባኝ ኋላ ነው።

በመካከሉ የገንዘቡ ነገር መጣ። የፈተናው ክፍያ ያኔ 220 ዶላር ነበር። በሰኔ 2016 ስመዘገብ ውጭ ሀገር ያለው የአክስቴ ልጅ በካርዱ ከፈለልኝና «ሲመችሽ ትመልሺልኛለሽ» አለኝ። ያኔ በባንክ ምንዛሪ አንድ ዶላር ወደ 57 ብር ነበር፤ ዕዳዬ 12,540 ብር መሆኑ ነው። ሐምሌ 22 ቀን ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ዶላሩ 114 ብር ሲገባ ያው ዕዳ 25,080 ብር ሆነ። ውጤቱ ባያምር ደግሜ እፈተናለሁ የሚለው ሐሳብ በዚያው ቀረ።

በዚህ መሃል የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ለእንቁጣጣሽ ጫግኒ እናቴ ቤት ሄድኩ። ጫግኒን ለማታውቁ፣ ከእንጅባራ ወደ ምዕራብ ስትወርዱ የደጋው ብርድ ቀርቶ ጃኬት የምታስወልቅ ከተማ ናት። እኛ ቤት ኔትወርክ እንደ ልብ ስለማይገኝ በኢንተርኔት ፈተና መሥራት አልቻልኩም። በእጄ የነበረው ሦስቱ የልምምድ ፈተናዎች ላይ የተሳሳትኳቸውን ጥያቄዎች የገለበጥኩበት ደብተር ብቻ ነው። 41 የሒሳብ ጥያቄዎች ነበሩ።

ሌላ የሚሠራ ስላልነበረኝ መልሱን ሳላይ፣ ሰዓት ሳልይዝ፣ አንድ በአንድ እንደገና ሠራኋቸው። 23ቱ ትክክል ወጡ።

እስኪ አስቡት። ከስህተቴ ከግማሽ በላዩ የማውቀው ነገር ነው። አንዱን የተጠየቀውን ትቼ ሌላ ነገር ፈልጌለት፣ ሌላውን በጥድፊያ አንብቤው ነው የሳትኩት። ይህ ደግሞ በዚህ ፈተና ዋጋው ድርብ ነው። ሒሳቡ ሁለት ክፍል አለው፤ መጀመሪያ 12 ጥያቄ በ21 ደቂቃ፣ ቀጥሎ 15 ጥያቄ በ26 ደቂቃ። በመጀመሪያው ክፍል ያገኛችሁት ውጤት የሁለተኛውን ክብደት ይወስናል። ቀላሎቹን በጥድፊያ የጣለ ሰው ሁለተኛው ይቀልለታል፤ ግን ቀላሉን ክፍል አጥርቶ ቢሠራ እንኳ ከፍተኛው ነጥብ ጋ አይደርስም። እኔ ግን ከባዶቹን ለመድረስ ስል ቀላሎቹን እየሮጥኩ ነበር የማልፋቸው።

የቀሩት 18 ግን በእርግጥም የማላውቃቸው ነበሩ። እነሱን የፈታችልኝ ታናሽ እህቴ ናት። በዚያ ዓመት 12ኛ ክፍል ገቢ ነበረች። ማታ እሸት በቆሎ እየጠበስን ሳለ ደብተሩን ከእጄ ወሰደችና «እታለም፣ እስኪ ይሄን አስረጂኝ» አለች። ጥያቄው የአንድ ዕቃ ዋጋ በ20 በመቶ ቢጨምርና ከዚያ በ20 በመቶ ቢቀንስ የመጨረሻው ዋጋ ከመጀመሪያው ጋር እንዴት ይነጻጸራል የሚል ነው። እኩል ነው ብዬ ነበር የመለስኩት። ቅናሽ ማስታወቂያ የማወጣው እኔ!

«ሁለተኛው 20 በመቶ ከምን ላይ ነው?» አለችኝ።

ከ120 ላይ ነዋ። 24 ሲቀነስ 96 ይቀራል። የዶላሩንም ዕዳ በዚሁ አሰላነው። ዶላር ከ57 ወደ 114 ሲወጣ በ100 በመቶ ጨመረ፤ የብሩ ዋጋ በዶላር ሲለካ ግን የወረደው በ50 በመቶ ነው። ነገሩ ያው ሆኖ መነሻው ሲለያይ መቶኛውም ይለያያል። በዚያው ሰሞን የ12ኛ ክፍል ውጤት ወጥቶ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል እሷ ሳትደነግጥ «ከተፈተኑት ላይ ነው አይደል?» አለች። እኔ ደነገጥኩላት።

ከዚያ በኋላ በየምሽቱ አስተማሪ እሆናለሁ። ለሰው በአማርኛ ማስረዳት ያቃተኝን ጥያቄ እንዳልገባኝ እቆጥረዋለሁ። ሁለት መጠኖች የትኛው እንደሚበልጥ የሚጠይቁት ጥያቄዎች ያስቸግሩኝ ነበር። ኤክስ ስኩዌር ከኤክስ ይበልጣል ብዬ ሳስረዳት «ኤክስ ግማሽ ቢሆንስ?» አለች። ግማሽ በግማሽ ሲባዛ ሩብ ነው፤ አነሰ። «ዜሮ ቢሆንስ?» እኩል። መልሱ «በተሰጠው መረጃ አይታወቅም» የሚለው ነው። ከዚያ ወዲህ ዜሮን፣ ክፍልፋይንና ከዜሮ በታች ያሉትን ቁጥሮች ሳልሞክር መልስ መምረጥ ተውኩ። እናታችን ከጓዳ «እናንተ ልጆች፣ በቆሎው አረረ!» ትላለች፤ ብዙ ጊዜ አርሮ ነው የበላነው።

ለሀገር ውስጡ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ ለጋት የምትዘጋጁም ብትሆኑ፣ አዲስ ፈተና ከመክፈታችሁ በፊት የድሮውን ስህተት ያለ ሰዓት ሥሩትና ስንቱን እንደምታውቁት ቁጠሩ። ነጥቡ ለምን እንደቆመ የሚነግራችሁ ይህ ቁጥር ነው። ብዙውን የምታውቁት ሆኖ ከተገኘ ችግሩ አነባበባችሁ ነው፤ ተጨማሪ መጽሐፍ አይፈታውም። የእንግሊዝኛውን ነገር አላረዝመውም፤ በካርድ ላይ የጻፍኳቸውን መቶ ምናምን ቃላት መሸምደድ ትቼ ዓረፍተ ነገሩን ሁለት ጊዜ ማንበብ ጀመርኩ፣ በቃ።

የተፈተንኩት በኅዳር 2017 አዲስ አበባ ነው። በመጀመሪያው የሒሳብ ክፍል ሁለት ጥያቄዎችን ሆን ብዬ ዘልዬ፣ ሌሎቹን ከጨረስኩ በኋላ ተመለስኩባቸው። የተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማይቀንስ ባዶ የተውኩት የለም። ሲያበቃ ውጤቱ እዚያው ስክሪኑ ላይ መጣ፤ ሒሳብ 158፣ እንግሊዝኛ 155። ሰማይ የሚነካ አይደለም፤ 149 ግን አይደለም። ማመልከቻዬን ልኬ መልስ እየጠበቅሁ ነው።

የአክስቴን ልጅ ዕዳ በየወሩ እየቀነስኩ እከፍላለሁ። ደብተሩን እህቴ ወስዳዋለች። ከመጨረሻው ገጽ ጀምራ የራሷን ስህተት እየጻፈችበት ነው፤ ባለፈው ደውላ «27 ደርሻለሁ» አለችኝ። 11ዱን ደግማ ስትሠራ አግኝታቸዋለች።